የጉዞ ፕሮግራም ስታወጡ እናቴንም ቁጠሯት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ነኝ። የጂኦግራፊ መምህርት ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጋዜጣችሁን ከኋላ ገጽ ጀምሬ ነው የማነበው፤ የጉዞ ዓምዱ እዚያ ስለሆነ። በቅርቡ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ቤተሰብ ብላችሁ የጎጃምና የጣና ጉዞ ፕሮግራም አውጥታችሁ ነበር። ታሪኩንም ውሃውንም በአራት ቀን ያዳርሳል። ዓባይ በረሃ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ግሽ ዓባይ፣ ዘንገና፣ የጣና ገዳማት፣ ጢስ ዓባይ፣ ጎንደር። መጨረሻ ላይ «በሐይቁ ዳር ዘና ይበሉ» ይላል። መቼ? እርሳስ አንስቼ ሰዓቱን ደመርኩት። ዘና የሚባልበት ሰዓት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ካልሆነ በቀር አልተገኘም።

ጸሐፊውን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ቦታዎቹን በደንብ መርጠዋል። አንዱም የሚጣል የለውም። የጎደለው ሰው ነው። ፕሮግራሙ ቦታ ይቆጥራል፣ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል፤ ማን እንደሚሄድ ግን አይጠይቅም። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ እስከ ባሕር ዳር ሌላ 265 ያህል አለ። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች። ይህን ሁሉ አራት ቀን ውስጥ ከትቶ በየመሃሉ ገዳም መሳለም ለጎረምሳ ይሆናል። የእኛ ቤት ግን አራት ትውልድ ነው። ሰማንያን ያለፈች እናቴ አለች። እኔና ባለቤቴ አለን። ልጄ ከነባሏ አለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ታሪክ ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ፣ ውሃ ሲባል የሚዘል የልጅ ልጅ አለ። ለእንዲህ ያለ ቤት ነው ፕሮግራም የሚያስፈልገው። ብቻውን የሚሄድ ሰውማ የትም ቢያድር ግድ የለውም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። የመንገዱ ነገር አልጠፋኝም። በእኛ በኩል ሰው ከቤቱ ከመነሳቱ በፊት ዘመድ ጋ ደውሎ «መንገዱ እንዴት ነው?» የሚልበት ጊዜ ነው። ባሕር ዳር ድረስ በአውሮፕላን ሄዶ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የሚመለስም አለ፤ እሱም ብልህ ነው። እኔ የምጽፈው መንገዱ ደህና ሲሆን ለሚነሳ ሰው ነው። ቆርጣችሁ አስቀምጡት።

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። የዛሬን አያድርገውና መንገዱ ደህና በነበረ ጊዜ ቤተሰቡን ይዘን ባሕር ዳር ወረድን። አንድ የጀልባ አገናኝ «የታወቁትን ገዳማት በሙሉ አሳያችኋለሁ» ብሎ ቀብድ ተቀበለን። እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ የጧፍና የዕጣን ፌስታል ይዛ ከሁሉም ቀድማ ጀልባው ላይ ወጣች። ክብራን ገብርኤል ስንደርስ ልጁ ዞር አለና «እማማ፣ እርስዎና ሴቶቹ እዚህ ይጠብቁን፤ ወንዶቹ ተሳልመው ይመጣሉ» አላት። እናቴ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ «ታዲያ ከአልጋዬ ምን አስነሳህኝ፣ ልጄ?» አለችው። መልስ አልነበረውም።

የገዳሙ ሥርዓት ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማትገባባቸው እናቴም ከእኔ በፊት ታውቃለች። የማታውቀው ጀልባው ወደ የትኛው እንደሚሄድ ነበር። አገናኙ ያውቅ ነበር፤ አልነገራትም እንጂ። የእናንተ ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። «ክብራንን፣ ዳጋን» ብሎ ይዘረዝራል። አንባቢው ቤት ግማሹ ሴት መሆኑ ትዝ አላለውም። ደግሞ መላው ሩቅ አይደለም። ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ሴትም ወንድም ትቀበላለች። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለች፤ አዝዋ ማርያም አለች፤ በትረ ማርያም አለ። ሁሉም ሴት ይገባባቸዋል። ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴማ ራሷ በሴት የተተከለች ናት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ወንዶቹን ክብራን አውርዶ ሴቶቹን እንጦስ ማድረስ፣ ከዚያ ሁሉንም ሰብስቦ ዘጌ መሄድ ይቻላል። አንድ መስመር ብትጽፉ የስንት እናት ልብ ይድን ነበር።

ሁለተኛው የተረሳ ነገር የቀን መቁጠሪያው ነው። ፕሮግራማችሁ ረቡዕ ከሰዓት ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አስቀምጧል። ረቡዕ ጾም ነው። በጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ቅዳሴ ላይ የደረሰ ጎብኚ ሥዕሉን ዞሮ ማየት አይችልም። ወይ ቆሞ ያስቀድሳል፣ ወይ ውጭ ተቀምጦ ይጠብቃል። እናቴን ካላችሁኝ ደስታዋ ነው፤ ታስቀድሳለች። የልጅ ልጄ ግን እዚያች ደጅ ላይ ሦስት ሰዓት ድንጋይ ሲለቅም ይውላል። ስለዚህ በጾም ቀን ገዳሙን ጠዋት፣ ጾም ባልሆነ ቀን ደግሞ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ረፈድ አድርጎ ማየት ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ነገሩ ሁሉ ይቀላል። ይህን የመንፈሳዊ ጉዞ አዘጋጆች በደንብ ያውቁታል። እነሱ የማያውቁት እረፍት ነው። በሌሊት ያስነሱሃል፣ በሌሊት ያስተኙሃል። የቱር ሰዎች ደግሞ ሆቴሉንና መዋኛውን አሳምረው ይይዙና ቅዳሴ መሃል ያደርሱሃል። ሁለቱ ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ አንድ ጥሩ ፕሮግራም ይወጣቸው ነበር።

ወቅቱም አለ። ተማሪ ያለው ቤት የሚያርፈው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያኔ የእኛ አገር ጭቃ ነው፤ ከአስፋልት የወጣ መኪና መመለሱ ያጠራጥራል። ውሃውን ለማየት ደጉ ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ነው፤ አደይ አበባውም አለ፣ ፏፏቴውም ሙሉ ነው። ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት ገብተዋል። ለእኔ ቤት የሚመቸው የጥር መንፈቅ ዓመት እረፍት ነው። ጥምቀትን እዚሁ ደብረ ማርቆስ እናከብራለን። ከዚያ እንነሳለን። ጥር 23 ቀን ደግሞ አዊ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ያከብራሉ። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ዓድዋ ላይ የዋሉትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ። ፈረሱ በጌጥ ተሸፍኖ ሜዳው ላይ ሲጋልብ ታሪክ አልወድም ያለው ልጅ አፉን ከፍቶ ያያል። ማንም አስጎብኚ ማስረዳት አያስፈልገውም።

መንገዱን እንዴት እንደምመርጥ ልንገራችሁ። ለእኔ ቀላሉ ዘዴ ውሃውን መከተል ነው። ዓባይ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ይዞራታል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ጎሐ ጽዮንን አልፎ ገደሉን ይወርዳል፣ ጃፓኖች በእርዳታ የሠሩትን ድልድይ ይሻገራል፣ ደጀን ይወጣል። እዚያ ቆሞ ወንዙን ማየት ነው። ይህ የውሃው ጅራት ነው። ቀጥሎ ራሱን ፍለጋ ወደ ግሽ ዓባይ መሄድ። ከግሽ የሚወጣው ግልገል ዓባይ ጣና ይገባል፤ ከጣና ዓባይ ይወጣል፤ ጢስ ዓባይ ላይ ይወድቃል፤ ዞሮ ዞሮ ደጀን ሥር ይመጣል። ይህን ክፍል ውስጥ በጠመኔ ስስል የሚያንቀላፋ ተማሪ ብዙ ነበር። መኪና ውስጥ ግን ልጁ ራሱ «አሁን ውሃው የት ደርሷል?» እያለ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ሰው ውሃ ሲከተል ይረጋጋል እንጂ አይሮጥም።

ከደጀን ባሕር ዳር የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ የሚያልፈውን ነው። ሌላው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት የሚሄደው ነው። ታሪክ የሚወድ ሰው አንዱን ሲሄድ፣ አንዱን ሲመለስ ቢይዝ ደስ ይለዋል። በምሥራቁ መንገድ ቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ የቅኔ አገር ነው። ከጉንደወይን ወደ ቀኝ ታጥፎ መርጡለ ማርያም ይደረሳል። እዚያ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው አበባና ሐረግ ሰው እጅ የሠራው አይመስልም። የግራኝ ጦር አቃጠለው፤ በኋላ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ሊጠግኑት ሞከሩ። እሌኒ ማለት ከሐድያ መጥተው ቤተ መንግሥት የገቡ፣ ንጉሡ ልጅ በነበረ ጊዜ አገር የመሩ፣ ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ለፖርቹጋል ንጉሥ የላኩ ሴት ናቸው። የጉዞ ጽሑፎች ለምን ስማቸውን እንደሚዘሉት አይገባኝም። ጎንደር ለመድረስ ስለሚቸኩሉ ይሆናል። ሞጣ ሲደርሱ ደግሞ ሰባራ ድልድይ አለ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተሠርቶ በጣሊያን ጊዜ የተሰበረ። ወደ እሱ የሚወስደው ቁልቁለት ግን የጉልበት መንገድ ነው። እናቴ አትሄድም። እኔም ጉልበቴን አውቀዋለሁ።

በምዕራቡ መንገድ መጀመሪያው እኛ ነን። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማ ናት። ራስ አዳል ተብለው በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ሆኑ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደብረ ማርቆስን ምሳ መብያ አድርጓታል። ሽሮውን በልቶ፣ መኪናውን ነዳጅ ሞልቶ ይሄዳል። አንድ ሌሊት እደሩ። ገደሉን የወጣ ሰው ሰውነቱ ስለሚንቀጠቀጥ የዚያኑ ዕለት ባሕር ዳር መግባት ቅጣት ነው። በማግስቱ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተስሞ፣ ቤተ መንግሥቱ ታይቶ፣ ረፈድ ሲል መነሳት ይቻላል።

ግሽ ዓባይ ለብቻው ይነገር። ከጥሊሊ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሰከላ ነው። ቦታው ጠበል ነው፤ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ነው። እህል የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይቀርብም። ፕሮግራማችሁ ግን «ቁርስ በልተን ወደ ግሽ ዓባይ» ይላል! እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ ጸሐፊው ደርሰዋል ወይስ ካርታ ነው ያዩት እላለሁ። ሳይበሉ በጠዋት መሄድ፣ ጠበሉን መጠመቅ ወይም መጠጣት፣ ከዚያ ወጥቶ ስንቅ መፍታት ነው። ፈረንጆቹ ይህችን ምንጭ ብዙ ፈልገዋታል። ፔድሮ ፓኤዝ በፈረንጆች 1618 አያት። ጄምስ ብሩስ በ1770 መጣና የመጀመሪያው እኔ ነኝ ሊል ሞከረ። የሰከላ ሰው ሁለቱም ሳይመጡ ይጠመቅባት ነበር። ምንጯን አይቶ «ይቺ ናት?» ያላለ ሰው አላየሁም። ትንሽ ናት። ባለቤቴ ግን ቆብ አውልቆ ብዙ ቆመ፤ ትልቅ ነገር ጠብቆ ትንሽ ሲያገኝ የሚገርመው ዓይነት ሰው ነው።

እንጅባራ ከመድረሳችሁ በፊት ዘንገና አለች። መንገዱ ዳር ነው ያለችው፤ እሳተ ገሞራ የፈጠራት ክብ ሐይቅ፣ ዙሪያዋ ደን። ፕሮግራማችሁ «ፎቶ ማንሻ፣ 20 ደቂቃ» ብሎ አልፏታል። እኔ ብሆን ግማሽ ቀን ሰጥቻት ጎንደርን እተው ነበር። ያን ሁሉ ታሪክ የሰማ ጆሮ ዝም ያለ ውሃ ይፈልጋል። አዊ ብርድ ስለሆነ ሹራብ ያዙ። ድንቹም ጥሩ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ነው አቋሜ የሚጠነክረው። እዚያ ሦስት ሌሊት ያላደረ ሰው ጣናን አየሁ አይበለኝ። ምክንያቱ ውሃው ራሱ ነው። ጣና ጠዋት ሌላ ነው፣ ከሰዓት ሌላ ነው። ጠዋት እንደ መስተዋት ይተኛል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና ይናወጣል። ስለዚህ ጀልባ ማለዳ ነው፤ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወደብ ላይ መገኘት። ዘጌ ደርሶ፣ በቡናው ደን ውስጥ ወጥቶ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ከነሥዕሎቿ አይቶ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ መመለስ። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ቀን ምንም አይጻፍበት። ባዶውን ይተው። አሳ መብላት፣ ጥላ ሥር መቀመጥ፣ ደንገል ታንኳ የያዙትን ሰዎች ማየት፣ ማንቀላፋት። ልጄ ይህን ስነግራት «ታዲያ ምን ልናደርግ ነው የሄድነው?» አለችኝ። አዲስ አበባ የከረመ ሰው ሥራ ካልሰጡት ይጨነቃል።

ስለ ዋና የሚጽፍልን ሰው የለም። ጣና ውስጥ አዞ የለም፤ ይህ እውነት ነው። ጉማሬ ግን አለ፤ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ። ከጉማሬው ይልቅ የማይታየው ይበልጣል፤ ቢልሃርዝያ አለ። ልጅ ዳር ዳሩን ሲንቦጫረቅ ይይዘዋል። መዋኘት የሚፈልግ ልጅ ያለው ቤተሰብ መዋኛ ያለው ሆቴል ይያዝ፣ ወይም በቀን ከፍሎ የሚያስገባ ይፈልግ። ሐይቁ ለዓይን ነው። እምቦጭ የሚባለውም አረም አለ፤ የሚበዛው በሰሜን ምሥራቁ ዳር ነው። ጾም ከሆነ ደግሞ አሳውን እናቴ አትነካም። ባለቤቴ «አሳ ጾም ነው» ብሎ ይከራከራታል። እሷ ሽሮዋን ትበላለች፣ እሱ ቆሮሶ አሳውን። ይህ ክርክር ከእኔ ጋብቻ ጀምሮ አለ፤ አይፈታም።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለ እሱ እውነቱን ብትጽፉ ደግ ነው። ፖስት ካርዱ ላይ ያለው ፏፏቴ ዓመቱን ሙሉ የለም። ከጣና ውሃ ወስዶ በበለስ በኩል የሚሰደው የኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በበጋ የሚወርደው ውሃ ሳስቷል። ክረምቱ እንደወጣ፣ እስከ ጥቅምት ድረስ የሄደ ሰው ጢሱንም ድምፁንም ያገኛል፤ ከ40 ሜትር በላይ ነው ከፍታው። በጥር የሄደ ሰው ግን ገደሉን ነው የሚያየው። በጥር ከሄዳችሁ ፏፏቴውን ብላችሁ ሳይሆን ድልድዩን ብላችሁ ሂዱ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ ሰውም አህያም ይሻገርበታል። የልጅ ልጄ ከፏፏቴው ይልቅ እሱን ነው የወደደው። አህያዋ ባትኖር ኖሮ እንኳ እንጃ።

ጎንደርስ? ጎንደር ትቅር አልልም። በ1979 በፈረንጆች በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የፋሲል ግቢ እዚያ እያለ ማን ይላል። ግን ጎንደር የአንድ ቀን ማሟያ አይደለችም። ወይ ሁለት ሌሊት ስጧት፣ ወይ ለሌላ ዓመት አቆዩዋት። ሁለት ሌሊት የሚሰጥ ሰው ሲመለስ ጎርጎራ ቢያርፍ ይሻላል። በጣና ሰሜን ዳር ያለች ናት። ደብረ ሲና ማርያም አለች፤ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ አለ፤ በገበታ ለሀገር የተሠራው ማረፊያም አለ። ታሪክና ውሃ እዚያ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። ለአቅመ ደካማ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። የማረፊያው ዋጋ ለጡረተኛ አይደለም እንጂ።

እውነተኛ ባሕር ማየት ለሚፈልግና አቅሙ ላለው ሰው አንድ ሐሳብ ልጨምር። ከአዲስ አበባ ሞምባሳ በረራ አለ። ሐምሌና ነሐሴ እኛ ዘንድ ዝናብ ሲሆን እዚያ ዳርቻው ቀዝቀዝ ያለና ደህና ነው። የተማሪ እረፍት ከዚያ ጋር ይገጥማል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ግን ትልቁ ዝናባቸው ነው፤ አትሂዱ። ደግሞ ታሪኩ ከእኛ ታሪክ ጋር ይያያዛል። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 በፈረንጆች በሞምባሳ በኩል አልፎ ማሊንዲ ደረሰ። ልጁ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ወታደር ይዞ በምፅዋ ገባ፤ ግራኝን ሊወጋ። በማግስቱ ዓመት እዚሁ አገራችን ተገደለ። ፖርቹጋሎች ሞምባሳ ላይ ፎርት ጂሰስ የሚባለውን ምሽግ መሥራት የጀመሩት በ1593 ነው። ዛሬም ባሕሩ ላይ ቆሟል፤ ከ2011 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። የመርጡለ ማርያምን ድንጋይ ያየ ሰው እዚያ ቆሞ እቴጌ እሌኒ መልእክተኛ የላኩላቸው ሰዎች በባሕር ምን ሲሠሩ እንደነበር ይገባዋል። ጠዋት ምሽጉንና አሮጌውን ከተማ አይቶ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ዲያኒ ወርዶ ነጭ አሸዋ ላይ ሁለት ሦስት ቀን መተኛት። ቅደም ተከተሉ እዚህም ያው ነው፤ መጀመሪያ ታሪክ፣ መጨረሻ ውሃ። አንዴ አሸዋ ላይ የተኛን ሰው አስነስቶ ሙዚየም ማስገባት አይቻልም። ሞክሩትና እዩ።

ስለ ገንዘብም ትንሽ። የጀልባ ዋጋ በጀልባው ነው እንጂ በሰው አይደለም። ብቻቸውን የመጡ ሁለት ሰዎች ሌላ ቤተሰብ ፈልገው ቢጋሩ ይቀላቸዋል። የገዳሙ መግቢያ ለብቻ ይከፈላል፤ አገናኞች ይህን አይናገሩም። ከመሳፈር በፊት የት የት እንደሚደረስ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለሁሉም መኖሩን መነጋገር ነው። ቀብዱም ትንሽ ይሁን። ከእንጅባራ ወደ ግሽ ወይም ከጉንደወይን ወደ መርጡለ ማርያም ኮንትራት የሚይዝ ሰው የመመለሻውን አብሮ ይዋዋል። አለዚያ እዚያ ያለው ዋጋ ሌላ ነው።

ከዝግጅት ክፍሉ የምለምነው ይህን ነው። ገዳም በጻፋችሁ ቁጥር ከስሙ ጎን ሴት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ጨምሩ። ዳገት ካለው ዳገት አለው በሉ። ጉዞው የሚውልበት ሳምንት ጾም ከሆነ የቅዳሴውን ሰዓት ጻፉ። ከእያንዳንዱ ሁለት ቀን ቢያንስ አንዱን ከሰዓት ባዶ ተዉት፤ አንባቢው ራሱ ይሞላዋል።

የምሥራቅ ጎጃሙን ዝርዝር ከፈለጋችሁ ጽፌ እልክላችኋለሁ፤ ደብረ ወርቅንም ዲማንም ከነመንገዱ አውቃለሁ። የደቅና የዳጋውን ግን በጀልባ የሄደበት ሰው ይጻፍላችሁ። እኔ ከዘጌ ወዲያ አላለፍኩም፤ ዳጋም ቢሆን አያስገባኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ